አሥራ ሁለት ከአርባ

ኦክቶበር 6፣ ሐሙስ

ትናንት ቀበርናት።

ይህ የልኬት ደብተሬ ነው። ከፊት በኩል የሰው ወገብ፣ ትከሻ፣ የዩኒፎርም ቁመት ተጽፎበታል። ከኋላ ባዶ ነውና ከኋላ እጀምራለሁ። መጻፍ አይቀናኝም፣ ሰባተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። ግን ትናንት ሰው ሁሉ ሲያናግረኝ ዋለ፣ እኔም "አሜን፣ አሜን" ስል ዋልኩ። አንድ የራሴ ቃል ሳልናገር መሸ።

የተባልኩትን ልጻፈው። እግዚአብሔር ከአትክልቱ የሚቀጥፈው ያማረውን አበባ ነው፣ ስድስት ሰው። ጊዜ ሁሉን ያሽራል፣ አራት ሰው። ከእኛ ይልቅ እሱ ወደዳት፣ ብዙ ሰው። በርቺ። በርቺ። በርቺ። ፓስተሩም፣ ዋና መምህሩም፣ ከቮይ የመጣችው የባሌ እህትም ያንኑ አበባ ይዘው መጡ።

ዋኬሾ አበባ አልነበረችም። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ቁመቷ አንድ ሜትር ከአርባ ስድስት፣ የግራ ትከሻዋ ከቀኙ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ስለዚህ ሸሚዟን ስሰፋ በግራ በኩል እሞላዋለሁ። ጥፍሯን ትበላለች። ትምህርት ቤት፣ ማደሪያ ውስጥ ተኝታ ሳለች ግድግዳ ወደቀባት።

ግድግዳ የሚለውን ቃል በቀብሩ ላይ ማንም አልጠራውም። "የደረሰው ድንገተኛ ነገር" ነው ያሉት።

ኦክቶበር 8

እስካሁን አምስት ካንጋ፣ ሴት የምታገለድመው ጨርቅ፣ ደርሶኛል። ሐዘን ቤት ሲመጣ ካንጋ ይዞ መምጣት ደንብ ነው። ጨርቁ ጫፍ ላይ የታተመውን አባባል አንብቦ ለሐዘን የሚሆነውን መምረጥም ደንብ ነው። አምስቱም ላይ ያለው አንድ ነው፦ "የእግዚአብሔር ሥራ ስሕተት የለውም።" የሚለያዩት በቀለም ብቻ ነው። ገበያው ውስጥ ለሐዘን የቀረው እሱ ብቻ ነው መሰለኝ።

የካንጋ ጠርዝ መስፋት የኔ ሥራ ነው። ለራሴው ሰፋሁት። "ስሕተት" የሚለው ላይ ስደርስ ክሩ ተበጠሰ። ምልክት ምናምን አይደለም። ክሩ ርካሽ ነው።

ኦክቶበር 10፣ ሰኞ

ዋና መምህር ሪጋ መጡ። ወንበር ሰጠኋቸው። ሻይ እምቢ አሉ።

"ማማ ዋኬሾ፣ ልጅዎ ስጦታ ነበራት። ስጦታዋ እንዲሁ መቅረት የለበትም።"

የያዙትን ወረቀት አወጡ። በኮምፒውተር ተጽፎ፣ ዙሪያው በአበባ ሥዕል ተከቦ። ድርሰቷ ነው፣ ከአርባ ሠላሳ አራት ያገኘችበት። "የማልረሳው ቀን" ይላል ርዕሱ። በሃያ አንደኛው ቀን ለስምንተኛ ክፍል ተፈታኞች የጸሎት ቀን አለ፣ ወላጆች በሙሉ ይመጣሉ፣ ከትምህርት ጽሕፈት ቤትም ሹም ይመጣል። እኔ ራሴ ቆሜ እንዳነበው ፈለጉ። "ለልጆቹ መነቃቂያ፣ ለእርስዎ ደግሞ መጽናኛ።"

"ፀሐይ እንደ ወርቅ ሳህን ከምሥራቅ ብቅ ስትል፣ ወፎች በየዛፉ ሲዘምሩ፣ ደስታዬ ወደር አልነበረውም። ወደ ሞምባሳ ልንሄድ ነበርና ልቤ እንደ ከበሮ ይመታ ነበር። ባሕሩ እንደ ሰማያዊ ምንጣፍ ተዘርግቶ ነበር..."

ዋኬሾ ባሕር አይታ አታውቅም።

"ሌሎቹ ሴት ልጆች አሁን የት ነው የሚያድሩት?" አልኳቸው።

"ያሌ ውስጥ ናቸው። አያስቡ።"

ማደሪያዎቹ ሁለት ናቸው። በተራሮቻችን ስም ቩሪያና ያሌ ይባላሉ። የወደቀው ቩሪያ ነው። ሁለቱም በአንድ ዓመት፣ በአንድ ግንበኛ፣ በአንድ ቀይ አፈር ጡብ የተሠሩ ናቸው። አሁን የሁለቱ ቤት ልጆች በአንዱ ታጉረዋል፣ አርባ አራት ልጆች። የባሌ የወንድሙ ልጅ ምጎይም እዚያ ናት። ምጎይ ከዋኬሾ አጠገብ ተኝታ ነበር፣ ክንዷ ብቻ ተሰበረ።

"ያሌ ጠንካራ ነው?"

"ማማ ዋኬሾ፣ ስንጥቅ የሚባል ነገር ማንም አላየም። ዝናቡ ነው። የፈጣሪን ነገር እኛ ምን እናውቃለን?"

ሄዱ። ስንጥቅ የሚለውን ቃል እኔ አላነሳሁም ነበር። አሁን ስጽፈው ነው ያስተዋልኩት።

ኦክቶበር 11

የድርሰት ደብተሯ የት እንዳለ አውቃለሁ። አልከፍተውም።

ኦክቶበር 12

ከፈትኩት። ከሠላሳ አራቱ በፊት የተጻፈ ሌላ ድርሰት አለ፣ በዚያው ርዕስ፣ በጁን ወር የጻፈችው። እገለብጠዋለሁ። በሷ ፍጥነት እገለብጠዋለሁ፣ ማለትም ቀስ ብዬ።

"ማክሰኞ አልጋዬን ከግድግዳው አራቅሁት። ግድግዳው ስንጥቅ አለው። በማርች ጣቴ ነበር የሚገባው። አሁን እጄ እስከ አንጓው ይገባል። በዚያ በኩል የመምህር ሪጋ ፍየል ትታሰራለች፣ ስለዚህ ቤታችን ፍየል ፍየል ይሸታል። ምጎይ ፍየሏም ስምንተኛ ክፍል ናት ትላለች። ሲዘንብ አፈር ጆሮዬ ላይ ይረግፋል። ለማደሪያዋ ኃላፊ ነገርኳት። ጸልዪና ተኚ አለችኝ። ጸለይኩ። አፈሩ አልቆመም። ከዚህ ሌላ የማልረሳው ቀን የለኝም፣ ሞምባሳ ሄጄ አላውቅም።"

ይኸው ነው፣ ግማሽ ገጽ።

ከሥሩ በቀይ፦ "ውበቱ የት አለ? አንድ ምሳሌያዊ አነጋገር እንኳ የለም። አንድ ንጽጽር የለም። ከርዕስ ወጥተሻል። 12/40። ወላጅ አይቶ ይመልስ። ምዋንጃላ።"

ከቀዩ ሥር ያለውን ዛሬ አልገለብጥም። ደንበኛ መጣ።

ኦክቶበር 13

የባሌ ወንድም ምዋምቡሪ ጋ ሄድኩ። የሲሳል ቃጫ እየፋቀ ነበር፣ እጁን እንኳ አልታጠበም።

"ምጎይን ከዚያ ቤት አውጣት" አልኩት።

"አንቺ ምሻይ፣ ፈተናው ሦስት ሳምንት አልሞላውም። ተፈታኝ ከግቢ አይወጣም ተብሏል። ባወጣት ስሟን ቢሰርዙትስ?"

"ስሟ ይሰረዝ። ሞቱ ይሻላል?"

"እንዲህ አትበይ። አሁን የመጨረሻዋ ዳገት ናት። አንቺው ነሽ የምትይው፣ ታጋሽ የበሰለውን ይበላል።"

አዎ፣ እኔው ነኝ። በሴፕቴምበር የዕረፍቱ ጊዜ ሲያልቅ ዋኬሾ ሻንጣዋን ይዛ መንገድ ዳር ቆማ ማታቱው፣ ሚኒባሱ፣ ሲመጣ አልገባ አለች። ያኔ ነው ያልኩት። ምን ብላኝ እንደነበር ግን አሁን በትክክል ትዝ አይለኝም።

ኦክቶበር 15፣ ቅዳሜ

ምጎይ ለሁለት ሰዓት ተፈቅዶላት መጣች። ክንዷ በጀሶ ነው። ጀሶው ላይ ልጆቹ ጽፈውበታል፦ ስኬት፣ ስኬት፣ አንደኛ እንወጣለን። ባቄላና ካሳቫ ፈጭቼ ኪማንጋ ሠራሁላት። በግራ እጇ ስትበላ ግማሹን ደረቷ ላይ ጣለችው።

"አክስቴ፣ ዋኬሾ ፍየሏን ሰላም ትላት ነበር እኮ። እጇን በስንጥቁ አስገብታ። 'ደህና አደርሽ መምህርት' ትላለች። ፍየሏ ጣቷን ትልስላታለች። እኛ በሳቅ እንሞታለን።"

ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመና አየችኝ። ሳቂ አልኳት።

"ያሌ ውስጥስ ስንጥቅ አለ?"

"ፖስተር ለጠፉበት" አለች። "ትልቁን። 'ትጋት የስኬት ቁልፍ ናት' የሚለውን። በፊት የነበረው አዳራሹ ውስጥ ነበር። ባለፈው ሰኞ አምጥተው እዚያ ለጠፉት።"

"ከኋላው ምን ያህል ነው?"

የማያመውን እጇን ዘረጋችና ከጣቷ ጫፍ እስከ ክርኗ በአገጯ አሳየችኝ።

ኦክቶበር 17

መምህር ምዋንጃላ መጣ። ገና ልጅ ነው፣ ጢሙ በደንብ አልበቀለም። ቁምጣ ለብሶ ሳለ ልኬቱን ወስጄ የማውቀው ልጅ። ግን መምህር ነውና እርስዎ እላለሁ።

"ማማ ዋኬሾ፣ የድርሰት ደብተሩን ትምህርት ቤቱ ይፈልገዋል። ለመዝገብ።"

"የትኛውን ድርሰት ለመዝገብ?"

የስፌት መኪናዬን ጎማ በጣቱ ያዞር ጀመር።

"ልጄ ግድግዳው ሊወድቅብኝ ነው ብላ ጻፈችልዎ" አልኩት። "እርስዎ አሥራ ሁለት ሰጧት።"

"መቶ ሃያ ደብተር ነው በሳምንት የማርመው። እንዴት እንደሚታረም ያውቃሉ? ለምሳሌያዊ አነጋገር ይህን ያህል፣ ለንጽጽር ይህን ያህል፣ ለመግቢያ ይህን ያህል። ፈተናው የሚታረመው እንደዚያ ነው፤ እኔ አላወጣሁትም። ግድግዳውን አላየሁትም እኮ። የጎደለውን ጌጥ ነው የቆጠርኩት።"

"ቆጥረው ሲጨርሱስ?"

"ማማ ዋኬሾ፣ እኔ ብቻ ነኝ ያነበብኩት?" ጎማውን ለቀቀ። "ከቀዩ ሥር የማን ፊርማ ነው ያለው?"

ውጣልኝ አልኩት። እርስዎ ማለቱ ጠፋኝ። ወጣ። በር ላይ ሆኖ "በርቱ" አለኝ፣ ሌላ የሚለው አጥቶ።

ኦክቶበር 18

እሺ። እገለብጣለሁ።

ከቀዩ ሥር በሰማያዊ ቢክ፦ "አይቻለሁ። ምሳሌዎቹን በቃሏ እንድትይዝ አደርጋለሁ። ስላሳፈረችን ይቅርታ፣ መምህር።" ፊርማ። የኔ ፊርማ ነው፣ መጨረሻው ላይ የሚጠማዘዘው።

አንብቤዋለሁ። አላነበብኩም ልል አስቤ ነበር። እስከ መጨረሻው አንብቤዋለሁ። ፍየሏ ጋ ስደርስ ፈገግ ማለቴም ትዝ ይለኛል።

ሁለተኛውን ድርሰት የጻፈችው እዚህ ነው፣ ከመኪናዬ እግር አጠገብ ተቀምጣ። በተማርኩበት ጊዜ የሸመደድኳቸው ምሳሌዎች አሁንም በአፌ አሉ። ፀሐይዋን እኔ ነኝ ያልኳት። ወርቅ ሳህኗንም። ከበሮውንም። ሞምባሳንም፣ የባሕር ጉዞ ማርክ ያስገኛል ብዬ። እኔም ባሕር አላየሁም።

"እማ፣ ግን የመጀመሪያው እውነት ነው" አለች።

"እውነት ማርክ አያመጣም" አልኳት።

እንደገና ግድግዳ ብላ ስትጀምር በልኬት ሜትሩ መታኋት። አንዴ ነው። በጨርቅ ሜትር ነው፣ አያምም። ይህን ለማን ነው የምጽፈው፣ አያምም ብዬ?

ሠላሳ አራት ስታመጣ ለጎረቤት ሁሉ አሳየሁ። ባሌ ገጹን አውጥቶ መስታወት አስገብቶ ሰቀለው።

ኦክቶበር 20

ነገ ነው።

ገጹን ስመለከት ዋልኩ። የኔ ጽሑፍ ታች ነው፣ ሦስት ጣት ያህል ቦታ። መቀስ አለኝ። ሥራዬ መቁረጥ ነው፣ ማንም ቀጥ አድርጎ እንደኔ አይቆርጥም። የሷ ድርሰትና የመምህሩ ቀይ ይቀራል። በቂ ነው። ሹሙ አይቶ ልጆቹን ያስወጣል፣ ምዋንጃላ ያፍራል፣ እኔ የሟች እናት ሆኜ እቀራለሁ።

ከሥራ ሲመለስ ለባሌ ለኪሌሎ ሁለቱንም አነበብኩለት። እሱ ማንበብ ይከብደዋል። መስታወት ውስጥ ያለውንም የሰቀለው ቁጥሩን አይቶ ነው። የመጀመሪያውን ስጨርስ "እሷ ናት" አለ፣ ልክ ከደጅ እንደገባች። ሁለተኛውን ሳልጨርስ አስቆመኝ።

"ይሄኛው ማን ነው?"

ደብተሩን ዘጋሁት።

"አንቺ ነሽ" አለ። በቁጣ አይደለም። ተነሥቶ ዶሮዎቹን ሊያስገባ ወጣ።

ታችኛውን አላነበብኩለትም። መቀሱን ግን መሳቢያው ውስጥ መለስኩት። ከቆረጥኩት "የቀረው የታለ?" ይሉኛል፣ ጽሑፉም የኔ ፈጠራ ነው ይሉኛል። ምክንያቴ ይህ ነው። ሌላ ምክንያት ቢኖረኝ ደስ ባለኝ።

ኦክቶበር 21

አነበብኩት። ነገ እጽፋለሁ።

ኦክቶበር 22፣ ቅዳሜ

ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። በጸሎት ቀን እንደሚደረገው ወላጆች የልጆቻቸውን ቢክና እርሳስ በሳህን ሰብስበው ፓስተሩ ፊት አስቀመጡ። እጁን ጭኖ ጸለየበት፦ እነዚህ ቢኮች የድል ቢኮች ይሁኑ። አሜን። ቀጥሎ ዋና መምህሩ፣ ቀጥሎ ሹሙ፣ ወፍራም ሰው፣ ሰዓቱን የሚያይ። ከዚያ መድረክ መሪው "አሁን ልብን የሚነካው ክፍል" አለና ጠራኝ።

አበባ የተሳለበትን ወረቀት ሰጡኝ። ወንበሬ ላይ ትቼው ደብተሩን ይዤ ወጣሁ።

ቀስ ብዬ ነው ያነበብኩት። ሌላ ንባብ አልችልም። "ማክሰኞ አልጋዬን ከግድግዳው አራቅሁት።" ዋና መምህሩ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። ፍየሏ ጋ ስደርስ ሴት ልጆቹ ሳቁ፣ አርባ አራቱም፣ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው። ጥሩ ሳቅ ነው። ሞምባሳ ሄጄ አላውቅም ብዬ ጨረስኩ።

"እናመሰግናለን! ለማማ ዋኬሾ ሞቅ ያለ ጭብጨባ!" አለ መድረክ መሪው። አጨበጨቡ። የተነበበ ነገር ሲያልቅ ይጨበጨባላ። ሹሙም አጨበጨበ።

"አልጨረስኩም" አልኩ።

ቀዩን አነበብኩ። ምዋንጃላ ከመምህራኑ መሃል መሬት መሬት ያያል። ጭብጨባው ቆመ። ከዚያ ሰማያዊውን አነበብኩ። "ስላሳፈረችን ይቅርታ፣ መምህር" ስል ድምፄ የሌላ ሰው ሆነብኝ። የማን ፊርማ እንደሆነ ተናገርኩ። በሜትር መምታቴንም ተናገርኩ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ። ፊት ለፊቴ ያለች ሴት ካንጋዋን አፏ ላይ አደረገች። ኪሌሎን ላየው አልደፈርኩም።

"ከፖስተሩ ኋላ የክርን ያህል አለ" አልኩ። "ያሌ ውስጥ። ሂዱና እዩት።"

መምህር ሪጋ ማይኩን ወሰዱ። "ወገኖቼ፣ ሐዘን ሰውን ያናግራል። እህታችንን በጸሎት እናስባት።" ፓስተሩ ተነሣ። ሰው ዓይኑን መጨፈን ጀመረ። በዚህ አለቀ አልኩ በልቤ። ተዘመረ፣ ተጸለየ፣ ተበላ፣ አለቀ።

ምዋምቡሪ ከኋላ ወንበር ተነሣ። በሲሳል የተቆራረጠ እጁን አውጥቶ አያውቅም፣ ሰው ፊት መናገር ያፍራል።

"መምህር፣ ከጸሎቱ በፊት አንድ ጥያቄ። ፖስተሩን ማን ነው ወደዚያ ያዛወረው?"

"ምዋምቡሪ ወንድሜ፣ ጊዜው አሁን አይደለም።"

"ልጄ የምትተኛው ዛሬ ነው እኮ።"

መልስ አልጠበቀም። ከድንኳኑ ወጥቶ በሜዳው ላይ ወደ ያሌ ሄደ። ለጥቂት ጊዜ እሱ ብቻ ነበር የሚሄደው። ቀጥሎ የአንዷ ልጅ እናት ጫማዋን አውልቃ ተከተለችው። ከዚያ ሁሉም። እኔ ማይኩ አጠገብ ቀረሁ።

ፖስተሩ ሲቀደድ እዚህ ድረስ ተሰማ። ሰው ጮኸ። ምዋምቡሪ ፍራሽ በራሱ ተሸክሞ ወጣ፣ ከኋላው ሌላ አባት፣ ከኋላው ልጆቹ ራሳቸው። ሣሩ በፍራሽ ተሞላ። መምህር ምዋንጃላም ሲሸከም አየሁት። ሹሙ የሆነ ነገር ጽፎ ምሳ ሳይበላ ሄደ።

ኪሌሎ መጥቶ ደብተሩን ከእጄ ወሰደ። ሌላ ምንም አላደረገም። እስከ ቤት ምንም አልተናገረም። ዛሬም አልተናገረም።

ኦክቶበር 25

ልጆቹ ቤተ ክርስቲያን ወለል ላይ ያድራሉ። ምጎይ እኔ ጋ ናት። ኪሌሎ በእሷ በኩል ያናግረኛል። "ለአክስትሽ ውሃ አልቋል በያት።" እሷም እኔን እያየች "ውሃ አልቋል" ትላለች።

ኦክቶበር 28፣ ዓርብ

ሁለት ሌሊትና አንድ ቀን ያለማቋረጥ ዘነበ። የታችኛው መንገድ ተቆርሷል። ያሌ አልወደቀም።

መምህር ሪጋ ዛሬ ጧት የኮሚቴ ሰዎች ይዘው ሄዱ። ግድግዳውን በመዳፋቸው እየመቱ አሳዩአቸው አሉ፣ እንደ በሬ ጀርባ። "ይኸው! የታለ?" ልጆቹ ወደ ቦታቸው ይመለሱ፣ ሰኞ ለፈተናው ልምምድ ነው ብለዋል። ወላጆቹ እስካሁን አልመለሷቸውም። ምዋምቡሪን ፈሪ ይሉታል።

ገበያ ክር ልገዛ ወጥቼ ነበር። ሴቶቹ ሳልፍ ዝም አሉ። ካለፍኩ በኋላ አንዷ "ግድግዳው ቆሟል እኮ፣ ምስኪን። ሐዘኑ ነው ያናገራት" ስትል ሰማሁ። ሌላዋ "ለነገሩ ራሷ አይደለች የፈረደችባት?" አለች። ይህችኛዋ ቢያንስ የራሷን ቃል ተናገረች።

ክር ገዝቼ ስመለስ በትምህርት ቤቱ በኩል አለፍኩ። አጥሩ ጋ ቆሜ አየሁት። እውነት ነው፣ ቆሟል። ውሃ ጠጥቶ ጠቁሯል፣ ስንጥቁ ከሩቅ ይታያል፣ ግን ቆሟል። ደስ የሚለኝ መስሎኝ የነበረው ሲወድቅ ነበር። እንዲወድቅ ጸልዬ እንደነበር እዚህ ልጻፍ፣ ሐሙስ ሌሊት፣ ሰው ሁሉ እንዲያይ።

በመስኮቱ ወደ ውስጥ አየሁ። አልጋዎቹ ያለ ፍራሽ ብረታቸው ብቻ ቀርቷል። አንድም ልጅ የለም።

ይቁም። ፈተናው እስኪያልፍ ይቁም፣ ከዚያም ሃምሳ ዓመት ይቁም፣ በየጧቱ እየመቱ ያሳዩኝ፣ ገበያ በወጣሁ ቁጥር ይሳቁብኝ። ባዶውን ይቁም።